ድንጋይ አይቆጠርም

(ቦንጋ፣ በ2005 ዓ.ም.። ካፊያ ይዘንባል። በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር መካከል ባለችው አንዲት ቦኖ ፊት ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፤ ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ግን ጀሪካን አይደለም፣ ድንጋይ ነው። ከመንገዱ ማዶ አዳዲስ የውሃ ቧንቧዎች በሁለት ክምር ተራግፈዋል፤ አንዱ ክምር ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን። ጡረተኛው ጋሽ ከፈለኝ፣ የላይ ሰፈር የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጃንጥላ ይዘው ድንጋዩን በጫማቸው ጫፍ ይነካካሉ። የታች ሰፈሯ ዳቦ ጋጋሪ ብርቄ ዱቄት የነካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።)

ከፈለኝ፦ ይሄ ድንጋይ ነው።

ብርቄ፦ ምን አጠፋ፣ ጋሽ ከፈለኝ?

ከፈለኝ፦ ከእኔ ጀሪካን ፊት ቆሟል።

ብርቄ፦ ቀድሞ መጥቶ ነዋ። ጎህ ከቀደደ ጀምሮ እዚሁ ነው፤ የትም አልሄደም።

ከፈለኝ፦ ድንጋይ ወዴት ይሄዳል? ድንጋይ አይመጣም፣ አይሄድም።

ብርቄ፦ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ጀሪካኔን አጎቴ ከመናኸሪያ እስኪያመጡልኝ ወረፋ ይጠብቅልኝ ብዬ ነው። ሁላችንም እንደዚህ አይደል የምናደርገው? እርስዎስ ባለፈው አንድ እግር ጫማ አሰልፈው አልነበር?

ከፈለኝ፦ ያ የእኔ ጫማ ነው። እኔን ይወክላል።

ብርቄ፦ ይሄም እኔን ይወክላል።

ከፈለኝ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ቁርጥ አንቺን።

ብርቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ከፈለኝ፦ አላመሰገንኩሽም እኮ። ስሚ ብርቄ፣ እንደ ኮሚቴ ሰብሳቢነቴ ነው የምነግርሽ። ከዛሬ ጀምሮ ድንጋይ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ሰው ሆኖ የመጣ ወይም ጀሪካን ሆኖ የመጣ ብቻ ነው።

ብርቄ፦ ስብሰባ ተደርጎ ተወስኖ ነው?

ከፈለኝ፦ እኔ ስናገር ስብሰባ ነው። (ድንጋዩን በእግራቸው ገፍተው ቦይ ውስጥ ይከቱታል። ጀሪካናቸውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ያስጠጋሉ።)

ብርቄ፦ እሺ። ድንጋይ አይቆጠርም። ይቺን ቃልዎን አልረሳትም።

ከፈለኝ፦ አትርሺያት። ከእኔ የምትሰሚው ሁሉ አይረሳም።

ብርቄ፦ ግን ጋሼ፣ ቢገፉትስ ምን ዋጋ አለው? ውሃው እንደሆነ አልመጣም። ዱቄቴን ነፍቼ እንዲሁ ተቀምጫለሁ። ዛሬም ካልመጣ መናኸሪያ የሚሸጥ ዳቦ የለኝም።

ከፈለኝ፦ እንዴት ይምጣ? ግፊት የለውማ።

ብርቄ፦ ማን?

ከፈለኝ፦ ውሃው።

ብርቄ፦ ተመስገን ነው። እናቴን እኮ ጨው ከልክለዋታል።

ከፈለኝ፦ የውሃ ግፊት ነው የምልሽ። ፕሬዠር።

ብርቄ፦ አዎ፣ ሐኪሙም እንደዚያ ነው ያላት። ግን እሷ ስላለባት ነው ከቤት የማትወጣው። ውሃው የሌለበት ምን ሆኖ ነው የማይወጣው?

ከፈለኝ፦ (ወደ ሰማይ እያዩ) ዓመቱን ሙሉ በሚዘንብበት አገር ውሃ መጠማት አንድ ቅጣት ነው። ከአንቺ ጋር ቆሞ መጠማት ደግሞ ሌላ ቅጣት ነው። ላስረዳሽ። ይሄ ምንጭ ሲጎለብት ቦንጋ ምን ነበረች? መንደር። ዛሬ እዪ፣ ዳገቱ ቤት፣ ቁልቁለቱ ቤት። ባጃጁ ብቻ ራሱን የቻለ ሕዝብ ነው። ምንጩ ግን ያው የጥንቱ ምንጭ ነው።

ብርቄ፦ ባጃጅም ውሃ ይጠጣል?

ከፈለኝ፦ ይታጠባል።

ብርቄ፦ እኛ ሳንታጠብ?

ከፈለኝ፦ ለዚህ ነዋ ማስፋፊያ የመጣው። መስመሩ ሊሰፋ ነው።

ብርቄ፦ (ወደ ጀሪካኖቹ እያየች) ከዚህ በላይ ከሰፋማ መኪና አያሳልፍም።

ከፈለኝ፦ ሰልፉ አይደለም፣ የቧንቧው መስመር ነው። አይ ብርቄ፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት አንቺ ነሽ።

ብርቄ፦ የሚወቀጥ ውሃ ቢገኝ ምን ነበረበት።

ከፈለኝ፦ ያንን ክምር አየሽው? ወፍራሙን?

ብርቄ፦ አየሁት። ሰው ያሾልካል።

ከፈለኝ፦ እሱ የላይ ሰፈር ነው። ቀጭኑ የእናንተ ነው።

ብርቄ፦ ማን አለ?

ከፈለኝ፦ ማን ይላል? ይሄ እኮ የሚነገር ነገር አይደለም፣ የሚታወቅ ነው። ላይ ሰፈር ማን ነው ያለው? ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ኮሚቴ። ታች ሰፈር ማን አለ? ጭቃ፣ ፍየልና አንቺ።

ብርቄ፦ ውሃ ግን ወደ ታች አይደል የሚወርደው?

ከፈለኝ፦ ያላወቁ አለቁ። ፓምፕ አለ። ፓምፕ ማለት ውሃን ወደሚገባው ቦታ የሚወስድ ነው። እኔ እንደሆነ ዝግጅቴን ጨርሻለሁ። ሻወር ቤት አሠርቻለሁ፣ ግድግዳው ሴራሚክ። ልጄን ዝማሬን ለጥር እድራለሁ፣ አማቾቼ ከጅማ ይመጣሉ። በስልክ ምን አልኳቸው መሰለሽ? «ቤታችን ሻወር አለ፣ ከዚያ ታጥባችሁ እንዳትመጡ» አልኳቸው።

ብርቄ፦ ከጅማ ድረስ ሳይታጠቡ?

ከፈለኝ፦ ሳይታጠቡ። እንዲያዩት ብዬ ነው።

ብርቄ፦ እስከ ጥር ውሃው ባይደርስስ?

ከፈለኝ፦ ይደርሳል። ወፍራም ቧንቧ እንኳን ለጥር ለሃያ ዓመት ይበቃል። ዲዛይኑ ራሱ የተሠራው ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚኖረው ሕዝብ ነው።

ብርቄ፦ አሁን ላለነውስ?

ከፈለኝ፦ አሁን ያለነው እንጠብቃለን።

ብርቄ፦ ያልተወለደው ይጠጣል፣ የተወለደው ይጠብቃል?

ከፈለኝ፦ ዕቅድ ማለት እሱ ነው። አንቺ ስብሰባ ስለማትመጪ ነው የማይገባሽ።

ብርቄ፦ እመጣለሁ እኮ። ከኋላ ሆኜ ዳቦ እሸጣለሁ።

ከፈለኝ፦ ይልቅ ንገሪኝ። ዓምና ቆጣሪው ሲመጣ ምን አልሽው?

ብርቄ፦ ያ ልጅ እግር ሰውዬ? ሰው የቆጠረው?

ከፈለኝ፦ (ይስቃሉ) ሰው የቆጠረው ትላለች። ነይ እዚህ። ቆጣሪ ምን ማለት ነው?

ብርቄ፦ የሚቆጥር።

ከፈለኝ፦ የመብራት ቆጣሪ አይተሽ ታውቂያለሽ? ግድግዳ ላይ ሆኖ የሚዞረውን? የውሃም እንደዚያው ነው። ብረቱ ገና ስላልተገዛ ነው ሰው የላኩት። «ስንት ናችሁ? በቀን ስንት ጀሪካን ትጨርሳላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅሽ ናፍቀሽው መሰለሽ? ነገ በዚያው ልክ ሊያስከፍልሽ ነው። ያልነቃ ሰው ቤተሰቡን ዘርግፎ ያስቆጥራል።

ብርቄ፦ የነቃ ሰውስ?

ከፈለኝ፦ «ሁለት ነን» ይላል። እኔና ባለቤቴ አልኩት። አለቀ።

ብርቄ፦ ልጆችዎ ስምንት አይደሉ እንዴ?

ከፈለኝ፦ እንሰት ውስጥ ደበቅኳቸዋ።

ብርቄ፦ በዚያ ዝናብ?

ከፈለኝ፦ የእንሰት ቅጠል ከዚህ ጃንጥላ ይሻላል። አንዷ ብቻ አላስችል ብሏት አስነጠሰች። ቆጣሪው ደንግጦ «ምንድን ነው?» አለኝ። «ፍየል ነው» አልኩት።

ብርቄ፦ ፍየል ያስነጥሳል?

ከፈለኝ፦ ጉንፋን ሲይዘው። ወዲያው ነው የመለስኩለት፣ ዓይኔን አላሸሁም። ተከራዮቹን ደግሞ ከውጭ ቆለፍኩባቸው። «ይሄስ ቤት?» ሲለኝ «የእንጨት ማስቀመጫ ነው» አልኩት። እንጨቱ ሳል ነበረበት፣ ግን አላስተዋለም።

ብርቄ፦ ውሃውንስ ስንት ትጠቀማላችሁ አሉት?

ከፈለኝ፦ «ባለቤቴ ውሃ አትወድም፣ እኔም ለበዓል ካልሆነ አልታጠብም» አልኩት።

ብርቄ፦ እሱንስ እውነቱን ነው የነገሩት።

ከፈለኝ፦ ምን አልሽ?

ብርቄ፦ ብልህ ነዎት አልኩ።

ከፈለኝ፦ ለራሴ ብቻ መሰለሽ? በአንድ ለአምስቱ አወረድኩት። እኔ ለአምስት፣ አምስቱ ለአምስት፣ ሌሊቱን ላይ ሰፈር በሙሉ አጠና። ቆጣሪው የፈለገው በር ቢያንኳኳ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው፤ «ሁለት ነን፣ ውሃ አንወድም»። እማሆይ በዛወርቅን ታውቂያቸው የለ? ብቻቸውን የሚኖሩት መነኩሲት?

ብርቄ፦ እንዴት አላውቃቸውም።

ከፈለኝ፦ እሳቸው ሳይቀሩ «ሁለት ነን» አሉት።

ብርቄ፦ ሁለተኛው ማን ነው?

ከፈለኝ፦ እኔም ጠየቅኳቸው። «ያስጠናኸኝን ነው ያልኩት» አሉኝ። ዲሲፕሊን ማለት ይሄ ነው። በግምገማ ላይ ባቀርበው ኖሮ ላይ ሰፈር ሞዴል ይባል ነበር። አሁን የአንቺን ንገሪኝና ልሳቅ።

ብርቄ፦ የእኔማ አያስቅም። ያን ቀን ቤቴ ድንኳን ተጥሎ ነበር።

ከፈለኝ፦ የምን ድንኳን?

ብርቄ፦ የዕድሩ ድንኳን ነዋ። የአጎቴ ለቅሶ ላይ ነበርን።

ከፈለኝ፦ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ እንኳ እንሰቱ ውስጥ ልጆች ስጠብቅ ሳልደርስ ቀረሁ።

ብርቄ፦ እሳቸው አልተቀየሙዎትም።

ከፈለኝ፦ ደግ ሰው ነበሩ ማለት ነው። ከዚያስ?

ብርቄ፦ ከዚያማ ሰዉ መጣ። ከዋጫ መጡ፣ ከደካ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ታች ሰፈርም አንድ ሰው ቤቱ የቀረ የለም፤ አዛውንቱ፣ ሕፃኑ፣ ሱቃቸውን ዘግተው እነረቢያ፣ እነፋኢዛ፣ ሁሉም ድንኳኑ ውስጥ። ቆጣሪው ደርሶ «እዚህ ስንት ሰው ውሃ ይጠጣል?» አለኝ። «ይኸው፣ እንደሚያዩት ነው» አልኩት። ጀመረ መቁጠር። መሀል ላይ ደከመው። ዳቦ ሰጠሁት፣ በልቶ ቀጠለ።

ከፈለኝ፦ ለቀስተኛ አስቆጠርሽ?

ብርቄ፦ ውሃ ይጠጡ ነበር እኮ። ያለቀሰ ሰው ይጠማዋል።

ከፈለኝ፦ (ሆዳቸውን ይዘው) ቀጥዪ። ቀጥዪ በሞቴ።

ብርቄ፦ ፋኢዛ ነፍሰ ጡር ነበረች። «መንታ ነው ብለውኛል» አለችው። መዘገባቸው።

ከፈለኝ፦ ያልተወለዱትን?

ብርቄ፦ ለሃያ ዓመት ነው አላሉም እንዴ አሁን? በሃያ ዓመታቸው አይጠማቸውም?

ከፈለኝ፦ ሟቹንስ? ሟቹን አላስቆጠርሽም?

ብርቄ፦ እሱም ግራ ገብቶት «ሟቹ ውሃ ተጠቅመዋል?» አለኝ። «ታጥበዋል» አልኩት።

(ከፈለኝ ከሳቃቸው ብዛት ጃንጥላው ከእጃቸው ይወድቃል። ጀሪካናቸው ላይ ይቀመጣሉ።)

ከፈለኝ፦ ሟቹን አስቆጠረች። ኧረ ጉድ ነው። ብርቄ፣ አንቺ እኮ የዋጫን፣ የደካንና የመቃብርን የውሃ ሂሳብ ነው ታች ሰፈር ላይ ያስጫንሽው። የልጅ ልጆችሽ ዳቦ ሲሸጡ ይኖራሉ ለዚህ ዕዳ። ሞኝ በዚያ በኩል ይለፍ ሲባል አንቺ ድንኳን ተክለሽ ጠበቅሽው?

ብርቄ፦ ምን ላድርግ ጋሼ፣ እንደ እርስዎ እንሰት የለኝ።

(ከማዶ ሠራተኞች ወፍራሙን ቧንቧ ተጋግዘው ማንሳት ይጀምራሉ።)

ብርቄ፦ ወፍራሙ ተነሣ።

ከፈለኝ፦ (ዓይናቸውን እየጠረጉ) ይነሣ። ወደ ቤቱ ይሂድ።

ብርቄ፦ በታች በኩል ነው የሚሄደው።

ከፈለኝ፦ ዞረው ይመጣሉ። በዚህ በኩል ዳገቱ አዳልጧቸው ይሆናል።

ብርቄ፦ ቁፋሮውም በታች በኩል ነው። የእኔ በር ላይ ካስማ ተክለዋል።

ከፈለኝ፦ (ብድግ ይላሉ) የማን በር? (ጃንጥላቸውን አንስተው ወደ ማዶ እያወዛወዙ) አንተ ፎርማን። ፎርማን፣ ላይ ሰፈር በዚህ ነው። (ጆሯቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። የፎርማኑ መልስ የሚሰማው ለእሳቸው ብቻ ነው።) እ? ወፍራሙ የታች ነው? ተሳስተሃል ወንድሜ፣ ገልብጠህ ይዘኸው ይሆናል... ሕዝቡ ብዙ ነው? የየት ሕዝብ? የታች ሰፈር? (ወደ ብርቄ ዞር ብለው) ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?

ብርቄ፦ ግፊት ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም።

ከፈለኝ፦ (ወደ ማዶ) እሺ፣ እንግዲያው ቀጭኑ ነው የእኛ? ቀጭኑም ቢሆን ለጊዜው... ለጤና ጣቢያው ነው? እና የእኛ የቱ ነው? (ያዳምጣሉ) የለም ማለት ምን ማለት ነው? ላይ ሰፈር እኮ ሰው በሰው ነው። በየቤቱ ስምንት፣ ዘጠኝ... ምን? «በየቤቱ ሁለት፣ ያውም ውሃ የማይወዱ»? ማን ነው እንዲህ ያለው? (ድምፃቸው ይወርዳል) ቆጣሪው የቆጠረው ለቧንቧው ውፍረት ነው? ለሂሳብ አይደለም?

ብርቄ፦ ጋሼ፣ ግድግዳ ላይ የሚዞረው አልነበረም እንዴ?

ከፈለኝ፦ ዝም በይ፣ ልስማበት። (ወደ ማዶ) እ? ከፈለኝ የሚባል ሽማግሌ? ሰፈሩን ያስጠና? (ጃንጥላውን ዝቅ አድርገው ፊታቸውን ይሸፍናሉ) አይ፣ አላውቀውም። የዚህ ሰፈር ሰውም አይመስለኝም።

ብርቄ፦ (ወደ ማዶ) እኚህ እኮ ናቸው...

ከፈለኝ፦ (እጇን ይይዟታል) ብርቄ። ብርቄዬ። በናትሽ።

ብርቄ፦ እሺ፣ አልተናገርኩም።

(ከፈለኝ ተመልሰው ጀሪካናቸው ላይ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። ካፊያው እየጠነከረ ነው።)

ከፈለኝ፦ አማቾቼ ሳይታጠቡ ነው የሚመጡት።

ብርቄ፦ አዎ፣ ነግረውኛል።

ከፈለኝ፦ ሴራሚኩስ?

ብርቄ፦ ዶሮ ያስገቡበት። ሴራሚክ ለማጽዳት ይመቻል ይላሉ።

ከፈለኝ፦ ለማጽዳትም እኮ ውሃ ይፈልጋል።

ብርቄ፦ እሱስ አዎ።

ከፈለኝ፦ ላይ ሰፈር ይሄን ቢሰማ በድንጋይ ነው የሚወግሩኝ። እማሆይ በዛወርቅ ሳይቀሩ።

ብርቄ፦ ሁለት ሆነው ይመጡ ይሆናል።

(ከፈለኝ ቦይ ውስጥ ገብተው የጣሉትን ድንጋይ ፈልገው ያወጣሉ። በመሐረባቸው ጭቃውን ጠርገው በሁለት እጃቸው ይዘውላት ይመጣሉ።)

ከፈለኝ፦ ብርቄ፣ እኅቴ። አዲሱ ቦኖ በርሽ ላይ ሲከፈት ይቺን ከፊት አድርገሽ ታስቀምጪልኛለሽ። ለእኔ ብለሽ። የሠርጉ ሰሞን ብቻ።

ብርቄ፦ ድንጋይ አይቆጠርም።

ከፈለኝ፦ እሱ እኮ በስብሰባ አልጸደቀም።

ብርቄ፦ እርስዎ ሲናገሩ ስብሰባ ነው።

ከፈለኝ፦ ስምንት ልጅ አለኝ፣ ብርቄ። ይጠማቸዋል።

ብርቄ፦ ፍየሎቹን ነው የሚሉኝ?

ከፈለኝ፦ (ድንጋዩን ያቅፋሉ። ከዚያ ቀና ብለው) እውነቱን ንገሪኝ። ቆጣሪው ለምን እንደመጣ ታውቂ ነበር?

ብርቄ፦ በዋዜማው መናኸሪያ ዳቦ ሊገዛኝ መጣ። «ምን ልትቆጥር ነው የመጣኸው?» አልኩት። «ቧንቧው ምን ያህል ይወፍር የሚለውን ለማወቅ ሰው እቆጥራለሁ» አለኝ።

ከፈለኝ፦ ጠየቅሽው?

ብርቄ፦ እርስዎ አልጠየቁትም?

ከፈለኝ፦ እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? አውቃለሁ እኮ።

(አንድ ሽማግሌ ቢጫ ጀሪካን በትከሻቸው ይዘው በመናኸሪያው መንገድ ብቅ ይላሉ። ጀሪካኑን ብርቄ እግር ሥር አስቀምጠው ለከፈለኝ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ወደ ታች ሰፈርም ይወርዳሉ።)

ከፈለኝ፦ እኚህ ማን ናቸው?

ብርቄ፦ አጎቴ ሣህሌ ናቸው። ጀሪካን ያመጡልኛል አላልኩዎትም?

ከፈለኝ፦ ሌላው አጎትሽ ናቸዋ። የሟቹ ወንድም።

ብርቄ፦ ሌላ አጎት የለኝም። እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከፈለኝ፦ (ድንጋዩ ከእጃቸው ይወድቃል) ታዲያ ያን ሁሉ ድንኳን ጥላችሁ፣ ዋጫንና ደካን ሰብስባችሁ፣ ለማን ነበር የምታለቅሱት?

ብርቄ፦ (ጀሪካኗን ከእሳቸው ጀሪካን ፊት እያስቀመጠች) ለላይ ሰፈር።